ኦፐሬቲንግ ሲስተምና የኮድ መጻፊያ አመራረጥ፦ በራስ ፕሮጀክት እየለኩ ማወዳደር

የሶፍትዌር ሥራ የሚሠራ ሰው «ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ወይስ ማክ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የመላሹን ልማድ እንጂ የጠያቂውን ሥራ የተመለከተ አይደለም። ይህ መመሪያ የሚነሳው የሚጽፉት ኮድ በመጨረሻ ከሚሠራበት ቦታ ነው፤ መለኪያውም ዛሬ በእጅዎ ያለው የራስዎ ፕሮጀክት ነው። ለማወዳደሩ አንድ ላፕቶፕ፣ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ፣ ባክአፕ የሚያስቀምጡበት ውጫዊ ዲስክ፣ አንድ ደብተርና የአንድ ሳምንት ምሽቶች ይበቃሉ። ፕሮጀክቱ ለመለማመጃ የተሠራ ሳይሆን በየቀኑ የሚከፍቱትና ሲበላሽ እንቅልፍ የሚነሳዎት ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ኮዱ የት እንደሚኖር መጻፍ

ከሁሉ በፊት ደብተሩ ላይ «ይህ ፕሮግራም ሲያልቅ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው» ብለው አንድ መስመር ይጻፉ። መልሱ አይፎን ከሆነ ምርጫው እዚያው አለቀ፤ የአይፎን መተግበሪያ የሚገነባበት ኤክስኮድ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ነውና። ፍላተርን በመሳሰሉ መሣሪያዎች ኮዱን በሌላ ኮምፒውተር መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም የመጨረሻው የአይፎን ግንባታ የራስዎን ወይም በኢንተርኔት የተከራዩትን ማክ መጠየቁ አይቀርም። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ በሲ ሻርፕ የተጻፈ የዊንዶውስ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ከዊንዶውስ መውጣት ትርፉ ድካም ነው፤ ሙሉው ቪዥዋል ስቱዲዮ አሁን የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፣ የማኩ ቅጂ በኦገስት 31 ቀን 2024 ድጋፉ ተቋርጧል። ለአንድሮይድ ሦስቱም ይሆናሉ። የብዙ ሰው መልስ ግን «ሰርቨር» የሚል ነው፤ ያ ሰርቨርም ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ስለሆነ ቀሪው የዚህ መመሪያ ክፍል በተለይ ለእነዚህ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛ፦ ያለውን ማሽን መመርመር

ዲስኩ አሁንም የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ማወዳደሩን ትተው መጀመሪያ ወደ ኤስኤስዲ ይቀይሩት። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ የሚለካ ማንኛውም ነገር የዲስኩን ዝግታ እንጂ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ባሕርይ አያሳይም። ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ሊኑክስን፣ አንድ ቀለል ያለ ኤዲተርን (የኮድ መጻፊያ) እና ብራውዘርን ያለ ብዙ ችግር ይሸከማል፤ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከኢሙሌተሩ (በኮምፒውተር ላይ ስልክ መስሎ ከሚሠራው ፕሮግራም) ጋር ለሚጠቀም ወይም ዶከርን (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬደውን መሣሪያ) ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ለሚውል ሰው ግን በእኔ ግምት መነሻው 16 ጊጋባይት ነው። ማክ ሊገዙ ካሰቡ ይህ ውሳኔ የሚወሰነው በግዢው ቀን ነው፤ ከ2020 ጀምሮ በወጡት የኤም ቺፕ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቺፑ ጋር አብሮ የታሸገ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለባቸው። መደበኛው ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ቆየት ያሉ ፕሮሰሰሮችንም አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚሠራ ሰው በዚህ መስፈርት ሊታገድ ይችላል፤ ማሽኑ ግን ገና አገልግሎቱን አልጨረሰም። በኤፕሪል 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን ቺፕ አይጠይቅም፤ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያውም ለ5 ዓመት የሚዘልቅ ነው።

ሦስተኛ፦ ምንም ሳይሰርዙ መሞከር

የኡቡንቱ መጫኛ 6 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ የት እና በስንት ሰዓት እንደሚያወርዱት አስቀድመው ያስቡበት። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል መሀሉ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በድረ ገጹ ላይ የተቀመጠውን ሻ-256 የተባለ ማረጋገጫ ቁጥር ካወረዱት ፋይል ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ አንድ ምልክት እንኳ ከተለየ እንደገና ማውረድ ነው። ይህን አምስት ደቂቃ መቆጠብ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከቆመ ጭነት ጋር ያፋጥጣል።

ከዚያም የወረደውን መጫኛ በፍላሹ ላይ ማስነሻ አድርገው ይጻፉና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ። ከፍላሹ ሲነሳ የሚቀርበውን «ሳይጭኑ መሞከር» የሚለውን አማራጭ ይዘው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪኑን ብርሃን ይፈትሹ፤ ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት መንቃቱንም ይመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ ካልሠራ መፍትሔውን የሚፈልጉበት ጊዜ አሁን እንጂ ዊንዶውስን ካጠፉ በኋላ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ አለ። የዊንዶውስዎ ዲስክ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ራሱ ይበራል። የማስነሻ ቅንብሩን ሲነኩ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ስለሚችል፣ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ፈልገው በወረቀት ይጻፉ፤ ወረቀቱንም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ያስቀምጡ።

ዊንዶውስን መተው ለማይችል ሰው መካከለኛ መንገድ አለ፤ በዊንዶውስ ውስጥ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል 2 ነው። በመጀመሪያ በባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሲስተም ማስኬጃው፣ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎ ፓወርሼልን (የዊንዶውስን የትዕዛዝ መስኮት) በአስተዳዳሪነት ከፍተው የማስጫኛዋን አንድ መስመር ትዕዛዝ ይስጡና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ፕሮጀክቱን በሊኑክሱ የራሱ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ በሲ ዲስክ ላይ ትተው ከሊኑክሱ በኩል አይጥሩት፤ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምልልስ ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ በጣም ይዘገያል። ሁለተኛው፣ ደብሊውኤስኤል በነባሪ ቅንብሩ እስከ ራሙ እኩሌታ ድረስ መውሰድ ስለሚችል፣ 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ በቅንብር ፋይሉ ገደብ ማበጀት ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ መለካት

ሦስት ነገር ይለኩ፦ ላይብረሪዎቹ የሚጫኑበትን ጊዜ፣ ሙሉው ግንባታ የሚወስደውን ጊዜ እና ሁሉም ቴስቶች የሚያልቁበትን ጊዜ። በሊኑክስና በማክ «ታይም» የሚለው ትዕዛዝ፣ በፓወርሼል ደግሞ «ሜዠር ኮማንድ» ሰዓቱን ይይዙልዎታል። እያንዳንዱን አራት ጊዜ ያስኪዱና የመጀመሪያውን ውጤት ይጣሉት፤ ፋይሎቹ ገና ከዲስክ ወደ ራም ያልገቡበት ስለሆነ ያሳስታል። የላይብረሪው ጭነት የሚለካው አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ማኅደሩ ተሰርዞ ከካሽ (ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠው ቅጂ) እንደገና ሲጫን ነው፤ አለበለዚያ የለኩት የዚያን ምሽት የኢንተርኔት ሁኔታ ይሆናል። ላፕቶፑም ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ይሁን፤ በባትሪ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል።

በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰው በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል ሰፊ ልዩነት ሊያይ ይችላል። የላይብረሪዎቹ ማኅደር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ሊይዝ ይችላል፤ የዊንዶውስ ፀረ ቫይረስም እያንዳንዱን ሲጻፍና ሲነበብ ይፈትሻል። ከ2023 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ለዚሁ ሲባል ዴቭ ድራይቭ የሚባል የተለየ የዲስክ ክፍል የሚያዘጋጅበት መንገድ አለው፤ ቢያንስ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዊንዶውስን ጥፋተኛ ከማድረግዎ በፊት እዚያም ላይ ይለኩ።

አምስተኛ፦ ሥራ ላይ የሚገጥሙትን ልዩነቶች መፈተሽ

ፍጥነት ይታያል፤ የማይታዩት ልዩነቶች ናቸው ሰውን የሚያዋርዱት። ዊንዶውስም ማክም እንደተጫኑ የፋይል ስም ላይ ካፒታልና ስሞል ፊደልን እንደ አንድ ይቆጥራሉ፤ ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደተለያዩ ስሞች ያያቸዋል። አንድ ጊዜ የደንበኛ ድረ ገጽ ሠርቼ «ሎጎ» የሚለውን የምስል ፋይል በካፒታል ኤል አስቀመጥኩት፣ ኮዱ ውስጥ ደግሞ በስሞል ኤል ጠራሁት። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ምስሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰርቨሩ ላይ ሲወጣ ቦታው ባዶ ሆነ፤ እኔም ሁለት ሰዓት ሙሉ ችግሩን ከካሽ፣ ከፈቃድና ከሰርቨር ቅንብር ስፈልግ ቆየሁ። የእኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል ስለሌለው ይሁን ወይም በድካም፣ ዓይኔ ልዩነቱን አላየም። ከዚያ ወዲህ የፋይል ስም ሁሉ በስሞል ፊደል ብቻ እጽፋለሁ፣ ሌላውም እንዲህ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

የመስመር መጨረሻውም እንደዚያው ነው። ዊንዶውስ አንድ መስመር ሲያልቅ ሁለት ምልክት ያኖራል፤ እነሱም ከጽሕፈት መኪና ዘመን የመጡ፣ አንደኛው ጋሪውን ወደ መጀመሪያው የሚመልስ፣ ሁለተኛው ወረቀቱን ወደ ቀጣዩ መስመር የሚያሻግር ናቸው። ሊኑክስና ማክ ሁለተኛውን ብቻ ይጠቀማሉ። በዊንዶውስ የተጻፈ የሼል ስክሪፕት (የሊኑክስ ትዕዛዞች የተደረደሩበት ፋይል) ሰርቨር ላይ «አስኪያጁ ፕሮግራም አልተገኘም» ብሎ ከወደቀ በመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ ያ የማይታይ ምልክት መኖሩን ይጠርጥሩ። መፍትሔው በፕሮጀክቱ ሥር «ጊት አትሪቢዩትስ» የሚባለውን፣ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት የሚያነበውን ፋይል ፈጥሮ የመስመር መጨረሻውን ለሁሉም የቡድኑ አባላት አንድ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በየኮምፒውተሩ እንዲያስተካክል መንገር አይሠራም፣ አንዱ ሁልጊዜ ይረሳል።

ስድስተኛ፦ አማርኛውን መፈተኛ ማድረግ

የአማርኛ ጽሑፍ የሚያልፍበት ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ አያገኝም። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጣቸው መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል 1 ባይት ነው። «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ስም እንውሰድ። 10 ፊደልና አንድ ክፍተት አለው፤ 10 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 1፣ 31 ባይት ይሆናል። ስፋቱ በባይት ተለክቶ በ30 የተወሰነ የስም መስክ ይህን ስም ሲቀበል የመጨረሻዋ «ር» ከ3 ባይቷ ሁለቱን ብቻ ይዛ ትቆረጣለች፤ በስክሪኑ ላይም «ገብረ እግዚአብሔ» ከሚለው ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሳጥን ይታያል። «አበበ» ብለው ብቻ የፈተኑ ሰዎች ይህን ስህተት አያገኙትም።

ስለዚህ አሥር መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ፋይል ያዘጋጁ፤ ረጅም ስሞች፣ «ኃይል» እና «ሀይል» የሚሉ ሁለት አጻጻፎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና አራት ነጥብ ይኑሩበት። ፋይሉን በሚያወዳድሯቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሁሉ ላይ ይክፈቱ፣ በፕሮግራምዎ ያንብቡት፣ መልሰው ይጻፉት። ፓይተን በዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት መንገድ) ካልተነገረው ፋይልን በኮምፒውተሩ የአገርና የቋንቋ ቅንብር መሠረት በተመረጠ የኮድ ሠንጠረዥ ሲከፍት ስለኖረ፣ በሊኑክስ ያለችግር የሚሄድ ኮድ እዚያ ሊወድቅ ይችላል፤ ፋይል በሚከፈትበት መስመር ሁሉ ዩቲኤፍ-8 ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። በድሮው ፓወርሼል 5.1 ውጤትን ወደ ፋይል ሲያዞሩ የሚወጣው ዩቲኤፍ-16 መሆኑንም ያስታውሱ።

ፎንቱን በተመለከተ፣ የኮድ ፎንቶች አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ፊደል ስለሌላቸው ኤዲተሩ ከሲስተሙ ይበደራል፤ በዊንዶውስ ኢብሪማን ወይም ኒያላን፣ በማክ ከፋን፣ በሊኑክስ ከተጫነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን። የተበደረው ፊደል ስፋት ከእንግሊዝኛው ስለሚለይ በተርሚናል ላይ ሠንጠረዥ ያጋድላል። ይህ ውበት ብቻ ነው፣ ውሂቡን አያበላሽም። የኤዲተሩ ፍለጋ ግን «ኃይል» ሲሉት «ሀይል»ን አያገኝልዎትም፤ ይህ ውበት አይደለም፣ የፍለጋ ኮድ ሲጽፉ ራስዎ የሚፈቱት ጉዳይ ነው።

ሰባተኛ፦ ኤዲተሩን መምረጥ

በ2015 የወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በሦስቱም ላይ በነጻ ይሠራል፤ በደብሊውኤስኤል ውስጥ ያለን ፕሮጀክት ወይም ሩቅ ያለ ሰርቨርን እንደ ቅርብ ማኅደር መክፈት ይችላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና እያማረጡ ላሉ ሰዎች በመጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው፤ ሌላው ሲቀየር እሱ አይቀየርምና። የተሠራው በብራውዘር ሞተር ላይ ስለሆነ ራም ይወዳል፣ ኤክስቴንሽን ሲከመርበት ደግሞ ይብሳል። በጃቫና በኮትሊን ትልቅ ሥራ ለሚሠሩ ኢንቴሊጄ፣ ለአንድሮይድ ደግሞ ከእሱ የተወለደው አንድሮይድ ስቱዲዮ የተሻሉ ናቸው፤ በመቶ ፋይል ውስጥ የተበተነን ስም በአንድ ጊዜ መቀየር ላይ የሚሰጡት እምነት ክብደታቸውን ያስረሳል። በትዕዛዝ መስኮት ውስጥ የሚሠራውን ኤዲተር ቪምን ዋና መሣሪያው ያላደረገ ሰው እንኳ ፋይል መክፈት፣ ማረም፣ ማስቀመጥና መውጣት የሚያህል ማወቅ አለበት፤ ሰርቨር ላይ ሌላ ነገር የማይገኝበት ቀን ይመጣል። ቪምን ሲጠቀሙ የአማርኛው ኪቦርድ መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ትዕዛዞቹ ሁሉ ፊደል ሆነው ይቀራሉ።

እጩ ኤዲተሮቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትኗቸው። ኢንተርኔቱን ያጥፉ። ፕሮጀክቱን ከፍተው አንድ ፈንክሽን ወደተጻፈበት ቦታ ይዝለሉ፣ የአንድ ተለዋዋጭ ስም በሁሉም ፋይል ይቀይሩ፣ ኮዱን መሀል ላይ አስቁመው ዋጋዎቹን ይመልከቱ፣ አንድ የጊት ግጭት (ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር ለየብቻ ሲቀይሩት የሚፈጠረውን) ይፍቱ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙት ረዳቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ያለ እነሱ ሥራው ምን ያህል እንደሚሄድ ማወቅ ደግ ነው። ቀጥሎ ሁለት መስመር ይጻፉና ሳያስቀምጡ ኤዲተሩን በግድ ይግደሉት፣ መብራት እንደጠፋ ያህል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ለብቻ ስለሚይዝ ሲከፈት ይመልሰዋል፤ ኢንቴሊጄ በነባሪ ቅንብሩ ራሱ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ቪም ደግሞ ለአፍታ ሲያርፉ፣ በነባሪው ከ4 ሰከንድ በኋላ፣ ወይም 200 ፊደል ሲተይቡ ወደ መጠባበቂያ ፋይል ይጽፋል፣ ሲመለሱም መልሶ ማግኘት ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ሳይኖረው በዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ፈተና ከቀለምና ከገጽታ ሁሉ ይበልጣል።

በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ኔትወርኩን «ሚተርድ» (ዳታው የተወሰነ) ብለው ይመዝግቡ፣ የኤዲተሩንም የኤክስቴንሽን ማሻሻያ በእጅ ያድርጉት።

ስምንተኛ፦ ዶከርን በትክክለኛው ቦታ ማስገባት

ዶከር ልዩነቶቹን ሁሉ ያጠፋል ሲባል ይሰማል፤ ግማሹ እውነት ነው። በሊኑክስ ላይ ኮንቴይነሩ (ዶከር አሽጎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የማሽኑን ከርነል በቀጥታ ይጠቀማል፤ በዊንዶውስና በማክ ግን ከሥር አንድ ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ይነሳል፣ ራምም ይወስዳል። በኤም ቺፕ ማክ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የሚገነቡት የዶከር ምስል (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) በነባሪ ለአርም ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ነው፤ ሰርቨሩ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ከሆነ እዚያ አይነሳም። ሲገነቡ የታለመውን የፕሮሰሰር ዓይነት በግልጽ ይግለጹ፣ ከዚያም እውነተኛው ሰርቨር ላይ አንድ ጊዜ አስነስተው ይዩት።

ዘጠነኛ፦ መወሰንና መመለሻውን መጠበቅ

የደብተሩን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በግንባታ ጊዜ ላይ የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ብቻ ካለ ፍጥነቱን ይርሱትና በአምስተኛውና በስድስተኛው እርምጃ ላይ ያነሰ ያስቸገረዎትን፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለውን ይምረጡ። የኤዲተርና የተርሚናል ቅንብር ፋይሎችዎን በአንድ የጊት ማኅደር ያስገቡ፤ ነገ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር አዲሱን ማሽን በአንድ ምሽት ያስተካክሉታል።

ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ከጫኑ የዊንዶውሱን ክፍል ለአንድ ወር አይንኩት። ወደ እሱ የተመለሱበትን ቀንና ምክንያት በየጊዜው ይመዝግቡ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ቀኖች ብቻ ከሆኑ፣ ሁለቱም የቃለ ጉባኤ ሰነድ ለማተም ከሆኑ፣ ክፍሉን ሊያጠፉት ይችላሉ፤ ከማጥፋትዎ በፊት ግን ውጫዊ ዲስኩን ሰክተው ባክአፑ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ሦስቱን በእርግጥ ከፍተው ይዩ።